የሕፃናት ሐኪም ቤት በምን ይጸናል

ጐልማሳ ሰው ሲታመም ሕመሙን ራሱ ይናገራል። የት እንደሚወጋው፥ ከመቼ ወዲህ እንደ ጀመረው፥ የተሰጠው መድኃኒት ተስማምቶት ወይም ጐድቶት እንደ ሆነ ለሐኪሙ ይገልጻል፤ በደል ቢደርስበትም ከዳኛ ፊት ቆሞ ይከሳል። ሕፃን ግን ይህ ሁሉ የለውም። ከማልቀስና ዝም ከማለት በቀር ሌላ ቋንቋ ስለሌለው፥ ሐኪሙ ቢሳሳት አይወቅሰውም፤ አስታማሚው ቢዘነጋ አያስታውሰውም፤ ለርሱ የተመደበው ገንዘብ ያላግባብ ቢወጣም ሒሳብ አይጠይቅም። የሕፃናት ሐኪም ቤት አስተዳደር ከሌላው ሐኪም ቤት አስተዳደር የሚለይበት ዋናው ነገር ይህ ነው፤ በሽተኛው ሊናገር የማይችለውን ሥርዐቱ ራሱ ሊናገርለት ይገባል።

ይህን ለማስረዳት በለንደን ከተማ ግሬት ኦርሞንድ ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ የሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል መልካም ምሳሌ ይሆናል። ይህ ሆስፒታል ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ የኖረ፥ ከስድሳ የሚበልጡ የልዩ ልዩ ሕክምና ዘርፎች ያሉት፥ ወጪውም በአብዛኛው ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚከፈል የሕዝብ ሆስፒታል ነው። ከኢትዮጵያም ጋራ የሚያገናኘው ታሪክ አለው፤ ይኸውም በስፍራው ይነገራል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሆስፒታሉን ያቋቋሙት ዶክተር ቻርልስ ዌስት የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ናቸው። በፓሪስ ከተማ ለሕፃናት ብቻ የተለየ ሆስፒታል ከ1802 ዓ.ም. ጀምሮ ሲኖር፥ ለንደን ግን ያን ያህል ሀብትና ሕዝብ ይዛ እንዲህ ያለ ቤት አልነበራትም። በ1843 ዓ.ም. በለንደን ሆስፒታሎች የተኙት ሕሙማን ሲቈጠሩ፥ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ከሚበልጡት መካከል ከዐሥር ዓመት በታች የሆኑት 26 ብቻ ሆነው ተገኙ። በዚያው ዘመን ግን በከተማይቱ ከሚሞተው ሕዝብ እጅግ ብዙው ክፍል ሕፃናት ነበሩ። ዶክተር ዌስት ይህን ነገር ለባለጠጎችና ለሹማምንት እየዞሩ ካስረዱ በኋላ፥ በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1852 ዓ.ም. በአንድ አሮጌ መኖሪያ ቤት ውስጥ ዐሥር አልጋዎች ዘርግተው ሆስፒታሉን ከፈቱ።

በመጀመሪያው ዘመን ሆስፒታሉ የሚኖረው በችሮታ ብቻ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ የበላይ ጠባቂው ሆኑ። በ1858 ዓ.ም. ገንዘብ አጥቶ በተቸገረ ጊዜም፥ ታላቁ ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ ለዚሁ ጉዳይ በተደረገ ግብዣ ላይ ንግግር አድርገው ከተሰበሰቡት እንግዶች ከሦስት ሺህ ፓውንድ በላይ አስገኙለት። በዚህም ገንዘብ ጐረቤት የነበረው ቤት ተገዝቶ የአልጋዎቹ ቍጥር ወደ 75 ከፍ አለ። እንዲሁም በ1929 ዓ.ም. ጄምስ ባሪ የተባሉት ደራሲ፥ ‹ፒተር ፓን› ከተባለው ድርሰታቸው የሚገኘውን ገቢ ሁሉ ለሆስፒታሉ በስጦታ ለቀቁ፤ የገቢውም መጠን ለሰው እንዳይገለጥ አደራ አሉ። በሕግ የተወሰነው የድርሰት መብት ዘመን ባለቀ ጊዜ፥ የእንግሊዝ ፓርላማ በ1988 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ሆስፒታሉ በዚያ አገር ከድርሰቱ የሚገኘውን ድርሻ ለዘለዓለም እንዲቀበል ፈቀደ። በጥንት ዘመን በኢትዮጵያ ለገዳማትና ለአድባራት ይሰጥ የነበረው ጉልት ዓመት በዓመት ፍሬ ይሰጥ እንደ ነበር፥ ይህም የአንድ ደራሲ ችሮታ ለሕሙማን ሕፃናት እንደ ጉልት ሆነላቸው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ችሮታ ብቻውን ሆስፒታል ሊያቆም እንደማይችል በዘመኑ ብዛት ታወቀ። ሰጪ ሰው ዛሬ ቢሰጥ ነገ ይደክማል፤ አገር ሲራብ ወይም ጦርነት ሲነሣ የሰጪው እጅ ያጥራል፤ የሕፃኑ ሕመም ግን ያን ጊዜ ይልቁን ይበረታል። በጁላይ 5 ቀን 1948 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ብሔራዊ የጤና አገልግሎትን ባቋቋመ ጊዜ ይህም ሆስፒታል ከመንግሥት ሆስፒታሎች ጋራ ተቈጠረ፤ የሕክምናውም ዋጋ ከሕዝብ ግብር እንዲከፈል ሆነ። ከዚያ ወዲህ የድኻውም የባለጠጋውም ልጅ በሐኪም ታዝዞለት ሲመጣ ወላጁ በበሩ ላይ ገንዘብ አይጠየቅም።

ከዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው፥ የመንግሥት ገንዘብ መጣ ተብሎ የችሮታው ገንዘብ አለመቅረቱና ሁለቱም ገንዘቦች አለመደባለቃቸው ነው። የሐኪሞችና የነርሶች ደመወዝ፥ መድኃኒቱና የዕለት ተዕለት ሕክምናው ከመንግሥት በሚገኘው ገቢ ይሸፈናል። በሆስፒታሉ ስም የቆመው የበጎ አድራጎት ማኅበር ደግሞ የራሱ ባለአደራዎችና የራሱ የሒሳብ መዝገብ አለው፤ ገንዘቡም ለአዳዲስ ሕንፃ፥ ለሕክምና መሣሪያ፥ ለምርምር፥ ከሩቅ ለሚመጡ ወላጆች ማደሪያና ይህን ለመሰለው ሥራ ይውላል። በ1987 ዓ.ም. አሮጌውን ሕንፃ ለመተካት ልመና በተጀመረ ጊዜ ሕዝቡ 54 ሚሊዮን ፓውንድ አዋጣ፤ መንግሥትም 30 ሚሊዮን ጨመረ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። ሁለቱ ከረጢቶች ተለይተው ባይያዙ ኖሮ፥ ሰጪው ገንዘቡ የት እንደ ገባ ሳያውቅ ይቀርና ሁለተኛ አይሰጥም ነበር፤ መንግሥትም ‹ችሮታ አለላቸው› በማለት የራሱን ግዴታ ይቀንስ ነበር።

ሆስፒታሉ ዋጋ ከፍለው ለመታከም ከውጭ አገር የሚመጡትንም ሕፃናት ይቀበላል። ይሁን እንጂ እንዲህ ላሉት የሕዝብ ሆስፒታሎች በ2012 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፥ ለአገሩ የጤና አገልግሎት ከሚሰጡት ሕክምና የሚያገኙት ገቢ ከሌላው ገቢ ሁሉ መብለጥ እንዳለበት ይደነግጋል። የገንዘብ ፍቅር የሐኪም ቤትን አቅጣጫ ቀስ በቀስ ሊለውጥ እንደሚችል የታወቀ ስለ ሆነ፥ ሕጉ አስቀድሞ ወሰን አበጀለት።

ሁለተኛው የአስተዳደሩ መሠረት ማን እንደሚገባና እንዴት እንደሚገባ ለይቶ ማወቅ ነው። ይህ ሆስፒታል ድንገት የታመመ ሕፃን ታቅፎ የሚገባበት የድንገተኛ ሕክምና በር የለውም። ሕፃኑ በመጀመሪያ በሰፈሩ ሐኪም፥ ቀጥሎም ባቅራቢያው ባለው ሆስፒታል ይታያል፤ ሕመሙ ከነርሱ ዐቅም በላይ ሆኖ ሲገኝ በጽሑፍ ታዝዞለት ወደዚህ ይላካል። ለማያስተውል ሰው ይህ ጭካኔ ይመስለዋል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። የሚያስነጥሰውና የሚያስለው ሕፃን ሁሉ በአንድ በር ቢጐርፍ፥ የልብ ቧንቧው ተዛብቶ የተወለደው ወይም ደሙ በነቀርሳ የተያዘው ሕፃን ተራ ሳያገኝ ይሞታል። ደግሞም እጅ የሚሠለጥነው በልምድ ነው፤ ብርቅ የሆነውን ሕመም በዓመት አንድ ጊዜ የሚያይ ሐኪምና ዘወትር የሚያየው ሐኪም እኩል አይሆኑም። ስለዚህ ብርቅ የሆኑት ሕመሞች በጥቂት ስፍራዎች ይከማቻሉ፤ የተለመዱት ሕመሞች ግን በየሰፈሩ ይታከማሉ።

ነገር ግን በሩን ያጠበበ ሁሉ መንገዱን የማስፋት ግዴታ አለበት። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በጽኑ የታመሙትን ሕፃናት ካሉበት ሆስፒታል ድረስ ሄዶ የሚያመጣ የሐኪሞችና የነርሶች ጓድ ተቋቁሞ፥ ለለንደን ሰሜናዊ ክፍልና ለምሥራቁ አውራጃ ያገለግላል። ይህም ጓድ ባዶ አምቡላንስ ይዞ የሚሮጥ አይደለም፤ የጽኑ ሕሙማን ክፍል መሣሪያና ባለሙያ ጭኖ ወደ ሕፃኑ ይሄዳል እንጂ። ሕፃኑም ድኖ ሲመለስ፥ የተደረገለት ሕክምናና ወደ ፊት የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ለሰፈሩ ሐኪም በደብዳቤ ይገለጻል።

ሦስተኛው መሠረት የመድኃኒትና የመዝገብ ጥንቃቄ ነው። ሕፃን በመጠኑ ያነሰ ጐልማሳ አይደለም። በአንድ ክፍል ክብደቱ ሁለት ኪሎ የማይሞላ አራስ ሲተኛ፥ በሌላው ክፍል ስድሳ ኪሎ የሚመዝን ጐረምሳ ይተኛል። ስለዚህ አንድ ዐይነት መጠን ለሁሉ ማዘዝ አይቻልም፤ እያንዳንዱ መድኃኒት በሕፃኑ ክብደት ይሰላል። በዚህ ስሌት ላይ አንዲት ነጥብ ከስፍራዋ ብትዛወር፥ ሕፃኑ ከሚገባው ዐሥር እጥፍ መድኃኒት ይቀበላል። ስለዚህ ሐኪሙ ያዘዘውን መድኃኒት ቀማሚው ይመረምራል፤ ብርቱ የሆነውን መድኃኒት ደግሞ አንድ ነርስ ከመስጠቱ በፊት ሁለተኛው ነርስ ያመሳክራል። በ2019 ዓ.ም. የሕሙማኑ መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር በተዛወረ ጊዜ፥ በልዩ ልዩ ክፍል ያሉት ሠራተኞች ሁሉ ያንኑ አንድ መዝገብ እንዲያዩ ተደረገ። እርስ በርስ መመርመር በዚህ ቤት የመተማመን ጕድለት ተብሎ አይቈጠርም፤ የሥራው አካል ነው።

ሐኪም በቀን ጥቂት ጊዜ ይመጣል፤ ነርስ ግን ሌሊቱን ሁሉ ከሕፃኑ አልጋ አጠገብ ትገኛለች። ዶክተር ዌስት ይህን ስላወቁ በ1854 ዓ.ም. የታመሙ ሕፃናትን ስለ ማስታመም አንድ መጽሐፍ ጽፈው ነበር፤ ሆስፒታሉም ቈይቶ ለሕፃናት አስታማሚዎች የታወቀ ማሠልጠኛ ሆነ። የኢትዮጵያ ታሪክ ከዚህ ሆስፒታል ጋራ የሚገናኘው ከዚህ ላይ ነው። የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ፥ ጠላት አገራቸውን በወረረ ጊዜ ከአባታቸው ጋራ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰድደው ሳሉ፥ በ1936 ዓ.ም. በዚህ ሆስፒታል ገብተው ማስታመም ተማሩ። የንጉሥ ልጅ ነኝ ሳይሉ እንደ ማናቸውም ተማሪ አልጋ እያነጠፉ፥ ሕፃናት እያጠቡ ሥልጠናውን ፈጽመው በ1939 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመዘገቡ። ከነጻነት በኋላም ወደ አገራቸው ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል አገለገሉ። በኦገስት ወር 1942 ዓ.ም. ግን በወለጋ በነቀምት ሳሉ በወሊድ ምክንያት በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። ሕፃናትን ለማዳን የሠለጠኑት እናት በወሊድ መሞታቸው የሕክምና እጥረት ቤተ መንግሥትን እንኳ እንደማያልፍ የሚያሳይ መራራ ምስክር ነው። በስማቸውም መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲሠራ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በእንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባሰቡ፤ ሆስፒታሉም በ1951 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈተ።

አራተኛው መሠረት እናት ናት። ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግልጽ ነገር ይመስለዋል፤ የእንግሊዝ አገር ሐኪሞች ግን የተረዱት ዘግይተው ነው። እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ በዚያ አገር በብዙ ሆስፒታሎች ወላጅ ልጁን የሚያየው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር። ሕፃኑ እናቱን ባየ ቍጥር ያለቅሳል፥ የክፍሉም ጸጥታ ይፈርሳል ይባል ነበርና። በ1952 ዓ.ም. ጄምስ ሮበርትሰን የተባሉ ሰው፥ ስምንት ቀን በሆስፒታል የቈየችውን የአንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ሐዘን በሲኒማ ሥዕል ቀርጸው ለሐኪሞች አሳዩ። ብዙዎቹ ሐኪሞች ተቈጡ፤ ምክንያቱም ዝም ያለች ሕፃን ደኅና ናት ብለው ያምኑ ነበር፤ ሥዕሉ ግን ዝምታዋ ተስፋ መቍረጥ መሆኑን ገለጠባቸው። በ1959 ዓ.ም. በመንግሥት የተሠየመ ኮሚቴ ወላጆች በፈለጉት ሰዓት ልጆቻቸውን እንዲጐበኙ መከረ። ዛሬ በግሬት ኦርሞንድ ስትሪት እናት ወይም አባት ከልጁ አልጋ አጠገብ ያድራል፤ ለሚማሩት ሕፃናት ትምህርት ቤት፥ ለትንንሾቹ የጨዋታ ባለሙያ አለላቸው። በ1875 ዓ.ም. የተሠራው ትንሽ የጸሎት ቤትም፥ አሮጌው ሕንፃ ሲፈርስ እርሱ ሳይፈርስ እንዳለ ተንሸራትቶ ወደ አዲሱ ስፍራው ተዛወረ፤ ልጁ በቀዶ ሕክምና ላይ ያለ ወላጅ የሚቀመጥበት ስፍራ ያስፈልገዋልና።

አምስተኛው፥ ዐዋቂ ሁሉ ሊማርበት የሚገባው፥ ስሕተትን በሥርዐት መከላከል ነው። ልቡ በቀዶ ሕክምና የታከመ ሕፃን ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲዛወር፥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቱቦው፥ የመተንፈሻው መሣሪያና የመድኃኒቱ ነገር ሁሉ ከአንዱ ጓድ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ፕሮፌሰር ማርቲን ኤሊየትና ዶክተር አለን ጎልድማን የተባሉት የዚሁ ሆስፒታል ሐኪሞች፥ በአውቶሞቢል እሽቅድምድም ላይ ሠራተኞቹ በሰከንዶች ውስጥ ያለ ጫጫታ ጎማ ሲለውጡ በቴሌቪዥን አይተው፥ ‹ይህ ለእኛም ያስፈልጋል› አሉ። ወደ ጣልያን አገር ሄደውም ከፌራሪ ባለሙያዎች ጋራ ተማከሩ፤ እያንዳንዱ ሰው የት እንደሚቆም፥ ማን አስቀድሞ እንደሚናገር፥ ማን እንደሚያዝዝ ተወሰነ። በ2007 ዓ.ም. በታተመው ጥናት መሠረት፥ በአንድ ርክክብ ላይ ይደርስ የነበረው የአሠራር ስሕተት በአማካይ ከ5.42 ወደ 3.15 ዝቅ አለ፤ ሰዓቱም አልረዘመም። በዚህ ጊዜ አዲስ መሣሪያ አልተገዛም፤ አዲስ ሐኪምም አልተቀጠረም፤ ሥራው ብቻ በደንብ ተደለደለ።

ስድስተኛው መሠረት ለበላዩ መልስ የሚሰጥ አለቃ ነው። ሆስፒታሉ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የሚያስተዳድር የሕዝብ ድርጅት በሆነ ጊዜ፥ ሥልጣኑ በአንድ ሰው እጅ እንዳይከማች ተደርጎ ተከፈለ። ዋና ሥራ አስኪያጁ፥ የሐኪሞቹና የነርሶቹ አለቆች፥ የገንዘብም ሹም በአስተዳደር ቦርድ ይቀመጣሉ፤ ከነርሱም ጋራ ደመወዝተኛ ሠራተኛ ያልሆኑ ሰዎች ሊቀ መንበሩን ጨምሮ ይቀመጣሉ። የታካሚዎች፥ የወላጆች፥ የሠራተኞችና የሕዝብ ተመራጮች የሚገኙበት ጉባኤም ሊቀ መንበሩን እንዲሾም፥ የሥራ አስኪያጁንም ሹመት እንዲያጸድቅ ሥልጣን ተሰጠው። የታመሙና የታከሙ ወጣቶችም የራሳቸው መማክርት አላቸው። ከውጭም የመንግሥት የጥራት ተቈጣጣሪዎች መጥተው ይመረምራሉ፤ የመረመሩትንም ለሕዝብ ያትማሉ።

ይህ ሁሉ መቈጣጠር ለምን እንደሚያስፈልግ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፥ በብሪስቶል ከተማ የሆነውን ይመልከት። በዚያ በነበረው የሕፃናት የልብ ቀዶ ሕክምና ላይ በሰር ኢያን ኬኔዲ የተመራው ጉባኤ መርምሮ በ2001 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፥ ከ1991 እስከ 1995 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች ከሆኑት መካከል ሊጠበቅ ከሚችለው በላይ ከ30 እስከ 35 የሚሆኑ ሕፃናት እንደ ሞቱ ገለጠ። ሐኪሞቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ነገር ግን ሥልጣን በጥቂቶች እጅ ተይዞ ነበር፤ የሞቱትን ቈጥሮ ከሌላው ሆስፒታል ጋራ የሚያስተያይ አልነበረም፤ አንድ ማደንዘዣ ሰጪ ሐኪም ቈጥሮ በተናገረ ጊዜም የሚሰማው አጣ። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ አገር የሕፃናት ልብ ቀዶ ሕክምና ውጤት በየሆስፒታሉ ተቈጥሮ ለሕዝብ ይገለጻል።

ግሬት ኦርሞንድ ስትሪትም ራሱ ከጥፋት አላመለጠም። ስለ አጥንት ቀዶ ሕክምናው ቅሬታ ስለ ተሰማ፥ በ2022 ዓ.ም. የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ መጥቶ እንዲመረምር ሆስፒታሉ ጠየቀ፤ በኋላም በአንድ ሐኪም የታከሙ ሕፃናት መዝገብ ከውጭ በመጡ ባለሙያዎች እንደገና እንዲታይ ተደረገ፤ ጉዳት የደረሰባቸው ሕፃናት መኖራቸውም ተገለጠ። እንግዲህ ሥርዐት በወረቀት መጻፉ ብቻ ሕፃናትን አያድንም፤ ሥርዐቱን የሚፈጽሙ፥ የበታች ሠራተኛና ወላጅ ሲናገሩም የሚሰሙ አለቆች ያስፈልጋሉ። ጥፋትን ከሸሸገ ሆስፒታል ይልቅ፥ ዘግይቶም ቢሆን መዝገቡን ገልጦ ለመርማሪ የሰጠ ሆስፒታል ይሻላል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ሳይዘገይ የሚሰማው ነው።

ከዚህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ሹማምንት የሚገኘው ትምህርት እንግሊዞች ያላቸውን ሀብት መመኘት አይደለም። ሁለቱን ከረጢቶች ለይቶ መያዝ፥ መድኃኒቱን በሁለት ሰው ማስመርመር፥ ርክክቡን በሥርዐት ማድረግ፥ የዳነውንና የሞተውን ቈጥሮ ማሳወቅ ከሀብት ይልቅ ትጋትን የሚጠይቁ ናቸው። ኢትዮጵያም በዚህ መንገድ ጀምራለች፤ በ2009 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የተከፈተው የልብ ሕክምና ማእከል፥ የሕዝብ ሆስፒታልና የበጎ አድራጎት ማኅበር ተደጋግፈው ልባቸው የታመመ ልጆችን ወደ ባሕር ማዶ ሳይላኩ በአገራቸው እንዲታከሙ ሊያደርጉ እንደሚችሉ አሳይቷል።

ለካህናትም ድርሻ አላቸው። በኢትዮጵያ ልጁ የታመመበት ወላጅ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ምክር የሚጠይቀው የነፍስ አባቱን ነው። የነፍስ አባት ‹ጸልይ፥ ልጅህንም ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ውሰድ› ብሎ ቢመክረው፥ በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ እስከ ታላቁ ሆስፒታል ድረስ የተዘረጋው መንገድ በእርሱ ቃል ይጀመራል። ከዚያ በኋላ ያለው የሹማምንቱና የሐኪሞቹ አደራ ነው። ሕፃኑ ተቀብሎ ያስታመመውን ሊያመሰግን ወይም ሊከስ አይችልም፤ ስለዚህ በርሱ ላይ ሥልጣን ያለው ሁሉ፥ ከሥራ አስኪያጁ እስከ መድኃኒት ቀማሚው ድረስ፥ የሠራውን በመዝገብ ጽፎ ሌላ ሰው እንዲመረምረው ማቅረብ ይገባዋል።